የሥራ አመራር ጥያቄና መልስ፦ መዋቅር ከመቀየር በፊት ትእዛዝ የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አባቴ ከ20 ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የብየዳ ማሽን የጀመሩት ድርጅት ዛሬ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ 70 ሠራተኞች አሉት። የብረት በርና መስኮት፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና ቁም ሣጥን በደንበኛ ልክ እንሠራለን፤ ጨረታ ስናሸንፍ ደግሞ የተማሪ ዴስክና የብረት አልጋ በብዛት እናመርታለን። ማምረቻችን ኮምቦልቻ፣ የሽያጭ ሱቃችን ደሴ ፒያሳ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ማሽኖቻችን ተዘርፈው በብድር ተክተናቸዋል። ሥራው ቢመለስም የቀድሞ ደንበኞቻችን ግን በአብዛኛው አልተመለሱም፤ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የሚመጣውን ይገዛሉ። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው ስለ ጥራትና ስለ ዋጋ እምብዛም ሳያነሡ «ትዘገያላችሁ» ይሉናል። አንድ አማካሪ አዲስ መዋቅር አዘጋጅቶልናል፤ በሥራ አስኪያጁ ሥር ሁለት ምክትሎች፣ ከምክትሎቹ ሥር ደግሞ የዲዛይን፣ የግዥ፣ የምርት፣ የሽያጭና የፋይናንስ መምሪያዎች ይኖራሉ። እኔ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ብሾምም ቼኩንም ፕሮፎርማውንም እስካሁን የሚፈርሙት አባቴ ናቸው፤ አንዳንድ ፕሮፎርማ እሳቸውን ሲጠብቅ ሳምንት ይሞላዋል። ይህ አዲስ መዋቅር ተወዳዳሪ ያደርገናልን? ነባር ፎርማኖቻችንስ በየትኛው ቦታ ይመደቡ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የላኩልኝን የመዋቅር ሥዕል ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሥዕሉ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ለሚያመርት፣ ሥራው ሳይለዋወጥ ለሚደጋገም ድርጅት ይስማማል። ለእርስዎ ድርጅት ግን አይበጅም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ደንበኞችዎ የነገሩዎት ችግር መዘግየት ሆኖ ሳለ፣ ሥዕሉ አንድ ትእዛዝ ከሱቅዎ ተነሥቶ ደንበኛው ቤት እስኪደርስ የሚያንኳኳቸውን በሮች ያበዛል እንጂ አይቀንስም።

አንድ ትእዛዝ እንከተል። አንዲት ደንበኛ ደሴ ወዳለው ሱቅዎ ገብታ የወጥ ቤት ካቢኔት ጠየቀች እንበል። ዛሬ ባለው አሠራር ልክ የሚወስደው ባለሙያ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣል፣ ልኩን ይዞ ይወርዳል፣ ንድፉ ይሠራል፣ ዋጋው ይሰላል፣ ከዚያም ፕሮፎርማው የአባትዎን ፊርማ ይጠብቃል። ደንበኛዋ ዋጋውን ተቀብላ ቀብድ ከከፈለች በኋላም ችፑዱንና ማጠፊያውን ለመግዛት ሌላ ቼክና ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል። በአዲሱ ሥዕል ደግሞ የሽያጭ ኃላፊው ጉዳዩን ወደ አንደኛው ምክትል፣ ምክትሉ ወደ ሌላኛው ምክትል፣ እሱም ወደ ዲዛይን መምሪያ ይመራዋል፤ ከዲዛይን ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። እያንዳንዱ መምሪያ የራሱን ድርሻ በሚገባ ቢሠራ እንኳ የደንበኛዋ ካቢኔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእኔ ኃላፊነት ነው የሚል አንድ ሰው በሥዕሉ ላይ የለም። የአባትዎ ፊርማም ባለበት ይቀጥላል፤ መዋቅሩ ስለ ፊርማው የሚለው ነገር የለምና።

መዘግየቱ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያትም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬና ችፑድ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዋጋቸውን ለረጅም ጊዜ አጽንተው ለመስጠት አይደፍሩም። በሰኞ ዋጋ የተሰላ ፕሮፎርማ በሚቀጥለው ሰኞ ቢፈረም፣ ወይ ድርጅቱ ይከስራል፣ ወይ ዋጋው እንደገና ተሰልቶ ደንበኛዋ ትቆጣለች። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ተደርጓል፤ ስለዚህ ነገ የሚወዳደሩዎት ከአዲስ አበባ የሚያመጡ ነጋዴዎች ብቻ አይሆኑም።

ስለሆነም ማንኛውንም ሹመት ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሥራ እንዲሠሩ እጠይቅዎታለሁ። ባለፉት ጥቂት ወራት ካስረከቧቸው ትእዛዞች ሃያ ያህሉን ያውጡና የእያንዳንዱን ጉዞ በቀን በቀኑ ይጻፉ፤ ትእዛዙ የተቀበሉበትን፣ ልክ የተወሰደበትን፣ ዋጋ የተሰጠበትን፣ ቀብድ የገባበትን፣ ጥሬ ዕቃ የተገዛበትን፣ ብየዳው ወይም ስንጠቃው የተጀመረበትን፣ ቀለም የተቀባበትንና የተረከበበትን ቀን። ከዚያም ሰው እጁን አሳርፎበት የሠራበትን ቀን ለብቻ፣ ቆሞ የጠበቀበትን ቀን ለብቻ ይደምሩ። በእኔ ልምድ በእንደዚህ ያሉ ድርጅቶች የሚጠብቀው ጊዜ ከሚሠራበት ጊዜ በብዙ ይበልጣል፤ የሚጠብቀውም በብዛት ዋጋ እስኪወሰን፣ ዕቃ እስኪገዛና ቀለም ቤት ተራ እስኪደርስ ነው። የእርስዎ ከዚህ ሊለይ ይችላል። መዋቅሩ መሠራት ያለበት ግን ከዚህ ወረቀት ላይ ተነሥቶ ነው።

በሀገራችን በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተካሄደውን መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ብዙ አንባቢዎች ያስታውሱታል። የጉዳዩን ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው መከተል የሚለው ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አሁን የምመክርዎትም ይህንኑ ነው። በብዙ ቦታ ሐሳቡ ፍሬ ያላፈራው መምሪያው «የሥራ ሂደት»፣ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት» ተብሎ ስሙ ሲቀየር፣ የመወሰን ሥልጣኑ ግን ከነበረበት ቢሮ ሳይነቃነቅ በመቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ድርጅትዎ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። በደንበኛ ልክ የሚሠራው ካቢኔት በየጊዜው አዲስ ነው፤ ልኩ፣ ንድፉ፣ ዕቃውና ዋጋው ይለያያል፤ በሻጩ፣ በነዳፊውና በሠሪው መካከል በየቀኑ መነጋገርን ይጠይቃል። አምስት መቶ የተማሪ ዴስክ ግን ንድፉ አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ጥሬ ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት፣ አንድ ዓይነት ቁራጭ በተከታታይ መቁረጥ፣ በውሉ ቀን ማስረከብ። ሁለቱን በአንድ የምርት ኃላፊ ሥር ሲያስገቧቸው ሁልጊዜ የሚሸነፈው የካቢኔቱ ደንበኛ ነው፤ ምክንያቱም የጨረታው ውል የመዘግየት ቅጣት አለበት፣ የደሴዋ ደንበኛ ግን ቅጣት የላትም፤ የምትቀጣዎት ተመልሳ ባለመምጣት ነው።

ይህ ልዩነት በምርምርም የታወቀ ነው። ጆአን ውድዋርድ የተባሉ እንግሊዛዊት ምሁር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኤሴክስ የሚገኙ 100 ያህል ፋብሪካዎችን አጥንተው፣ የተሳካላቸው ድርጅቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መዋቅር እንዳልነበራቸው፣ ይልቁንም መዋቅራቸው ከአመራረታቸው ዓይነት ጋር የተስማማው የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይተዋል። በትእዛዝ አንድ አንድ ዕቃ የሚሠሩት ጥቂት የኃላፊነት እርከኖች ነበሯቸው፤ አንድ ፎርማንም በአማካይ 23 ያህል ሰዎችን ይመራ ነበር። በብዛት የሚያመርቱት ዘንድ ደግሞ አንድ ፎርማን በአማካይ 48 ያህል ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ ሥራው የሚደጋገም ስለሆነ በየደቂቃው መመካከር አያስፈልገውምና። ቁጥሮቹን እንዳሉ ይቅዱ ማለቴ አይደለም፤ ዘመኑም አገሩም ሌላ ነው። የካቢኔት ሠሪዎችዎንና የዴስክ ሠሪዎችዎን ግን በአንድ ዓይነት ቁጥጥር መያዝ አንዱን ወገን እንደሚጎዳ ልብ ይበሉ።

ስለዚህ የማቀርብልዎ ሐሳብ በሥራ አስኪያጁ ሥር ምንም ምክትል ሳይኖር ሁለት የሥራ ክፍሎች እንዲቋቋሙ ነው። አንደኛው የትእዛዝ ሥራ ክፍል ይሁን፤ የደሴው ሱቅ፣ ልክ የሚወስደውና የሚነድፈው ባለሙያ፣ እንዲሁም የካቢኔትና የበርና መስኮት ሠራተኞች በአንድ ኃላፊ ሥር ይግቡ። ነዳፊው ደሴ ሱቁ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከ25 ኪሎ ሜትር ያልራቀውን መንገድ ለእያንዳንዱ ልክ መውጣትና መውረዱ ይቅር። ሁለተኛው የብዛት ምርት ክፍል ነው፤ የጨረታ ሰነድ ዝግጅቱም፣ የምርት ዕቅዱም፣ ማስረከቡም የእሱ ይሁን። የሒሳብ ሥራ፣ መጋዘኑና ዋና ዋና ግዥዎች በጋራ ይቀጥሉ፤ 70 ሰው ያለው ድርጅት ሁለት ሒሳብ ክፍል ለመሸከም አቅም የለውም።

አንድ ችግር ይቀራል፤ ቀለም ቤትዎ አንድ ከሆነ ሁለቱ ክፍሎች በእሱ ይጣላሉ። ጠባቸው በየቀኑ ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ደንቡን አስቀድመው ይጻፉት፤ ለምሳሌ በሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ለትእዛዝ ሥራ ብቻ ይመደቡ፣ የጨረታው ሥራ የቱንም ያህል ቢያስቸኩል እነዚያ ቀናት አይነኩ። የክፍል ኃላፊዎቹን ጉርሻም ከየራሳቸው ክፍል ውጤት ጋር ብቻ አያስሩት፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ለሌላው ብረት እንኳ ማበደር ያቆማል።

ይህ አከፋፈል በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባሩድና ፈንጂ ከማምረት ወደ ቀለምና ወደ ሌሎች ምርቶች ሲሰፋ፣ በግዥ፣ በምርትና በሽያጭ የተከፈለው የቀድሞ መዋቅሩ ሊሸከመው ስላልቻለ በ1921 (እ.ኤ.አ.) በምርት ዓይነት ተከፋፍሎ እንደገና ተደራጅቷል።

አሁን እጅግ የሚከብደውን ላንሣ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ቢፈጸምና ፊርማው ካልተነቃነቀ ምንም አይለወጥም። አባትዎ ፊርማውን የያዙት በክፉ ዓይን አይመስለኝም፤ ድርጅቱን ከአንድ ማሽን ተነሥተው ያቆሙ፣ በጦርነቱ ያጡትንም እንደገና የተኩ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚገባ በዓይናቸው ለማየት ቢፈልጉ ተገቢ ነው። ስለዚህ «ፊርማውን ይልቀቁ» ብለው አይጀምሩ፤ ይልቁንም ከላይ ያልኩትን የሃያ ትእዛዞች ወረቀት ይዘው ይቅረቡ፣ አባትዎ አንብበው ራሳቸው ይፍረዱ። ቀጥሎም የገንዘብ ጣሪያ አብራችሁ ወስኑ። ዋጋ በየሳምንቱ ከሚታደስ የዋጋ ዝርዝር ተሰልቶ፣ ትርፉ ከተስማማችሁበት በታች ካልወረደ፣ የደሴው ሱቅ ኃላፊ ፕሮፎርማውን በዚያው ቀን ይፈርም። ቀብድ ለተከፈለበት ትእዛዝ የሚገዛ ዕቃ እስከተወሰነ ብር ድረስ በክፍሉ ኃላፊና በሒሳብ ሹሙ ጥምር ፊርማ ይገዛ። ከዚያ በላይ ያለው፣ እንዲሁም የጨረታ ውል፣ ብድር፣ የማሽን ግዥና የኃላፊዎች ቅጥር ከእርስዎና ከአባትዎ ዘንድ ይቆይ። አባትዎ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን የተፈረመውን ሁሉ ይመልከቱ፤ ያልተስማሙበት ነገር ካለ ጣሪያው ይስተካከላል እንጂ ፕሮፎርማው ተመልሶ ወደ ጠረጴዛቸው አይምጣ።

ይህ ሥልጣን በቃል ብቻ አይተላለፍ። ለባንኩ የፈራሚዎች ለውጥ በማኅበሩ ውሳኔ ይገለጽለት፤ ለሥራ ኃላፊው የሚሰጠው የውክልና ወረቀትም በሕግ ፊት የጸና ይሁን። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ስለ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሥልጣንና ኃላፊነት በዝርዝር ስለሚናገር ከሕግ ባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ ተቀምጦ የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ ማየት ይበጃል።

ስለ ፎርማኖቹ የጠየቁኝን በጥንቃቄ ነው የምመልሰው። ጥሩ በያጅን ወይም ጥሩ አናጺን የግድ የወረቀት አለቃ ማድረግ ሁለት ጉዳት አለው፤ የተካነበትን ሙያ ያጣሉ፣ የማይወደውን ሥራም ያሸክሙታል። ለእነዚህ ሰዎች ከኃላፊነት ጋር ያልተያያዘ የሙያ ደረጃ ይፍጠሩ፤ ዋና ባለሙያ ተብለው ደመወዛቸው ከክፍል ኃላፊ ጋር የሚስተካከልበት፣ ሥራቸውም ጥራት መመርመርና ወጣቶችን ማሠልጠን የሚሆንበት። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም። ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ፣ ቆየት ብሎም የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እጁ የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ሌላ ቀጣሪ ተጨምሯል። በያጅዎ ካልተከበረ የሚሄድበት አያጣም። ለክፍል ኃላፊነቱ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚወጡ ወጣት መሐንዲሶችን ቢመለከቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ ሲሾም ነባሩ ፎርማን ከሠራተኛው ጋር በአንድ ስብሰባ ላይ ከሚሰማ አስቀድመው ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በጽሑፍ ይስጡ። ዕውቀት ያለውንና ዕድሜ ያለውን ሰው በአንድ ሥራ ላይ ማስማማት ከመዋቅሩ ሥዕል ይልቅ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህን ለአማካሪ አይተዉት፣ እርስዎ ራስዎ ይሥሩት።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። ጨረታ በሚረከብበት ወር መዋቅር መንካት አደገኛ ነው። መጀመሪያ የትእዛዝ ሥራ ክፍሉን ብቻ ያቋቁሙ፤ ለሦስት ወር ያህል ሦስት ነገሮችን ይከታተሉ፦ ከቀብድ እስከ ርክክብ ያለው ቀን፣ በተባለው ቀን የተረከበው ትእዛዝ ብዛት፣ በጉድለት የተመለሰው ዕቃ። ቀኑ አጥሮ የሚመለሰው ዕቃ ከበዛ ፍጥነቱን በጥራት ከፍለው እየገዙት ነውና ቆም ብለው ይመርምሩ። ቀኑ ካላጠረ ደግሞ የገንዘብ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ተወስኖ ወይም ሥልጣኑ በወረቀት ተሰጥቶ በተግባር ተይዞ እንደሆነ ይጠይቁ። ውጤቱ ደህና ከሆነ የብዛት ምርት ክፍሉን ያስከትሉ። አማካሪው ያዘጋጀውን ሥዕልም አይጣሉት፤ አንድ ቀን የትእዛዝ ሥራውን ትተው አንድ ዓይነት የቢሮ ዕቃ ብቻ በብዛት ለማምረት ከወሰኑ፣ በመምሪያ የተከፈለው መዋቅር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ የሠራተኞች ተወካይ ነኝ። ድርጅታችን 45 ሠራተኞች ሲኖሩት አደረጃጀቱን ሲቀይር 6 ሰዎች ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተነግሮናል። ውሳኔው ለድርጅቱ ህልውና እንደሆነ ገልጸውልናል። እኛ ምን የመጠየቅ መብት አለን?
(ከደሴ)

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት አሠራሩን ለማሻሻል ሲደራጅ ሠራተኛ እንዲቀንስ ይፈቅዳል፤ አካሄዱን ግን ይወስናል። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀናት በሚሸፍን ጊዜ ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከተነኩ ጉዳዩ የሠራተኛ ቅነሳ ይባላል፤ ከዚያ ለሚበልጡ ድርጅቶች መለኪያው ከመቶ 10 ነው። ስለዚህ የእናንተ 6 ሰዎች በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃሉ።

በቅነሳ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፤ እርስዎም ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሥራ ላይ የመቆየት ቅድሚያ የሚሰጠው የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ላለው ነው፤ በዚህ እኩል ከሆኑ አነስተኛ የአገልግሎት ዘመን ያለው፣ የሚያስተዳድረውም ቤተሰብ ጥቂት የሆነው ቀድሞ ይነካል። ስለሆነም ምርታማነቱ እንዴት እንደተለካ ማየት መብታችሁ ነው፤ ከተወሰነ በኋላ የተዘጋጀ የመመዘኛ ቅጽ ካዩ ተቃውሟችሁን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ። አሠሪውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል፤ አዲሱን መዋቅር የሚሸከሙት የሚቀሩት 39 ሰዎች ናቸውና፣ ባልደረባቸው በምን መለኪያ እንደተሰናበተ ካላወቁ ለሥራው ልባቸውን አይሰጡም።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ለምሳሌ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ለአገልግሎቱ የ60 ቀን፣ በቅነሳው ምክንያት ሌላ የ60 ቀን፣ በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለም ለብቻው ተሰልቶ ይከፈላል።